የወሎን ሙዚቀኛ መደገፍ ማለት አዲስ አበባ ማምጣት ነው?

ቲክቶክ ላይ አንድ የወሎ ልጅ ማሲንቆውን ይዞ አምባሰል ሲያንቆረቁር የሚያሳይ ቪዲዮ ሲዞር፣ ከሥሩ የሚጻፈው ሁሌ አንድ ነው። «ይሄን ልጅ አዲስ አበባ አምጡት!» «ስቱዲዮ አስገቡት!» ሐሳቡ ቅን ነው፣ ማንም በክፋት አይጽፈውም። ግን ልጁ መጥቶ ቢሳካለት እንኳ የመጣበት ቀበሌ አንድ ተጫዋች አጣ ማለት ነው። ሠርግ ላይ እያየው ሊማር የነበረ ታናሽም መምህሩን አጣ። ካልተሳካለት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ቤት ኪራይ እየከፈለ በየምሽት ቤቱ ተራ የሚጠብቅ አንድ ተጨማሪ ሰው ይሆናል።

ስለዚህ ጥያቄውን ገልበጥ አድርገን እንየው። ሙዚቀኛው ባለበት እየኖረ በሙያው እንዲበላ ምን ያስፈልጋል? ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ የትስ ይቀራል? ነገሩ ሲፈታታ ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ነው።

ለምን ወሎ?

ባህላዊ ዜማችን በአብዛኛው በአራት ቅኝቶች ይመደባል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል እና አንቺ ሆዬ ለኔ። ቅኝት በቀላሉ ዜማው የሚሠራባቸው ድምፆች ምርጫ ነው። እያንዳንዱ አምስት ድምፅ አለው፣ የትኞቹ አምስት እንደሆኑ ሲለያይ ስሜቱም ይለያያል። ከአራቱ ሁለቱ የሚጠሩት በወሎ ቦታዎች ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ ወደ አፋር መውረጃው ላይ ያለች፣ በሰኞ ገበያዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። አምባሰል ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሲሄዱ የሚገኘው ተራራማ አገር ነው።

ወደ ላይ ሲወጡ ደግሞ ሌላ ዓለም አለ። ነሐሴ 16 ሲደርስ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ብለው ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። መንዙማውም አለ፣ እሱ ግን ለብቻው መታየት ስላለበት ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ሙዚቃው ሞልቷል። የጎደለው ሙዚቃውን ወደ እንጀራ የሚቀይረው ነገር ነው። ደሴ ራሷ ትንሽ ከተማ አይደለችም፣ ኮምቦልቻም በፋብሪካዎቿና በኢንዱስትሪ ፓርኳ ወጣት የሞላባት ናት። ይሁንና አብዛኛው ስቱዲዮ፣ አቀናባሪ፣ ክሊፕ ሠሪ፣ ስፖንሰርና ሚዲያ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ነው። አንድ ነጠላ ዜማ ለማውጣት የሚነሳ የወሎ ልጅ ከስቱዲዮው ሒሳብ በፊት የመኪና፣ የአልጋና የምግብ አለበት። አቀናባሪው «ለሳምንት እንገናኝ» ሲለው ያ ሁሉ እንደገና ይቆጥራል።

አንድ አዝማሪ ገንዘብ የሚያገኘው እንዴት ነው?

ደሴ ውስጥ ወደ አንድ አዝማሪ ቤት በጊዜ ብትገቡ ተጫዋቹን ከሰል አጠገብ ታገኙት ይሆናል። ደሴ ጭጋጋም ናት። የማሲንቆው ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ ድምፁም ይታፈናል፣ ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ያሞቀዋል። ከዚያ ደጋኑ ላይ ያለውን የፈረስ ጭራ ሙጫ ያስነካዋል። ማሲንቆ ያለው አንድ አውታር ነው፣ እሱም ከፈረስ ጭራ የተሠራ። በዚያች አንድ አውታር ሌሊቱን ሙሉ ቤት ይመራል።

እንግዶች ሲገቡ ስማቸውን ይጠይቃል፣ ከየት እንደመጡ ያጣራል፣ ከዚያ ስማቸውን ግጥም ውስጥ ያስገባዋል። አንዱ ሞቅ ሲለው «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ወዲያው በዜማ ይመልሰዋል። እንግዳው ከተደሰተ ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ይህ ነው ሽልማት። ከቤቱ ቋሚ ክፍያ ያላቸው አሉ፣ ብዙዎቹ ግን የሚኖሩት በዚህ ሽልማት ነው። እሱም ከከበሮ መቺው፣ ከእስክስታ ወራጇ፣ አንዳንዴም ከቤቱ ባለቤት ጋር ይካፈላል።

ሽልማት ቆንጆ ነገር ነው፣ በአድማጭና በተጫዋች መካከል ያለው ፍቅር እዚያ ይታያል። ግን ደሞዝ አይደለም። ቤቱ ባዶ ከሆነ ዜሮ ነው። የታመመ ዕለትም ዜሮ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ሠርግ ነው። እሱ ደግሞ ወቅት አለው። ጥር ላይ ይደራል፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይደራል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ በዚያ ውስጥ የክርስቲያን ሠርግ የለም። ረመዳንም ሲገባ ዘፈን ያቆማል፣ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ በሚኖርበት ወሎ ሁለቱም ጾሞች ገበያውን ይነኩታል። የረመዳን ወር በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ በ2017ም በ2018ም ሁለቱ ጾሞች የገቡት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ክረምቱን ጨምሩበት። የሠርግ ሙዚቀኛ በጥቂት ወራት ያገኘውን ለዓመት ማብቃቃት አለበት። በዚያ ላይ ድሮ አምስት ሰው ይጠራ የነበረ ድግስ አሁን አንድ ኪቦርድና ሁለት ሞንታርቦ ይበቃዋል። ዲጄ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ተጫዋችም አይጠራም።

ዩትዩብስ? ዕይታው ሚሊዮን የገባ አለ አይደል?

አለ። ግን ዕይታው የማን ቻናል ላይ ነው?

ዩትዩብ ሙሉ የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል ቻናሉ 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት እንዲኖረው ይጠይቃል (አጫጭር ቪዲዮ ለሚሠሩ ሌላ መለኪያ አለው)። ክፍያውም በዕይታ ቁጥር ብቻ አይወሰንም። ተመልካቹ ያለበት አገር ወሳኝ ነው፣ ምክንያቱም ማስታወቂያ አስነጋሪው ለአሜሪካ ተመልካች የሚከፍለው ለኢትዮጵያ ተመልካች ከሚከፍለው እጅግ ይበልጣል። እናም ገቢው የሚጠራቀመው ብዙ ተከታይ፣ በተለይ ውጭ አገር ያለ ተከታይ ያላቸው ትልልቅ ቻናሎች ጋ ነው። የወሎው ተጫዋች ሥራውን ወስዶ ለእነሱ ይሰጣል፣ አንድ ጊዜ ይከፈለዋል፣ አለቀ። ዘፈኑ አሥር ዓመት ቢደመጥ ተጨማሪ ሳንቲም አይመጣለትም።

ማከማቻ የሌለው ገበሬ ጤፉን አውድማ ላይ እንዳለ፣ ዋጋው በወደቀበት ሰዓት እንደሚሸጠው ማለት ነው። ነጋዴው ክረምት ድረስ አቆይቶ ያተርፋል። ገበሬው የሸጠው ዋጋውን ስላላወቀ አይደለም፣ ማቆየት ስላልቻለ ነው። ሙዚቀኛውም ለቤት ኪራይ ዛሬ ብር ያስፈልገዋል፣ ስለዚህ የነገውንም አብሮ ይሸጣል።

የካሴት ዘመንም ከዚህ ብዙም አይለይም ነበር። ሙዚቃ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከፍሎ ሥራውን ይወስዳል፣ ሲሸጥ የሚያተርፈው እሱ ነው። አሁን ነገሩን ለመለወጥ የተሞከሩ የአገር ውስጥ መተግበሪያዎች አሉ። አውታር አንዱ ነው፣ ሰዋስውም አለ። መተግበሪያ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። የአማራ ክልል ከሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦበት ነበር። ከዚያ በፊትም በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ከተሞቹ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በጦርነቱ ሥር ቆይተዋል። የሰዓት እላፊ ባለበት ከተማ የምሽት ቤት ምን ይሠራል? መንገድ ሲዘጋ ከወልድያ ደሴ ለሠርግ ማን ይወርዳል? የሌሊት ሙያ ስለሆነ ሰላም ሲጠፋ ቀድሞ የሚቆመው ይሄ ሥራ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው «አዝማሪ ሕግ የለውም» ብሎ ያስባል። አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። ከሱ ውስጥ ለወሎው ተጫዋች የሚጠቅሙትን ላውጣ።

አንድ ሥራ በሕግ የሚጠበቀው የሰውየው የራሱ ፈጠራ ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ነው። ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አዝማሪ ግጥሙን የሚፈጥረው እዚያው፣ በአፉ ነው። ካልቀረጸው በእጁ ማስረጃ የለውም። የሚቀርጸው ማነው? ጠረጴዛ ላይ ቢራ ይዞ ስልኩን ያነሳው እንግዳ። ያ ቪዲዮ ተቆርጦ የሌላ ሰው ቻናል ላይ ሲወጣ ርዕሱ «አስቂኝ የወሎ አዝማሪ» ይላል። ስም የለም።

ሁለተኛ፣ ሕጉ ከደራሲው ሌላ ለከዋኙ፣ ማለት ለሚዘፍነውና ለሚጫወተው ሰው፣ የራሱ መብት ይሰጠዋል። ክወናውን ያለ ፈቃዱ ቀርጾ ማሰራጨት አይቻልም። ይህ መብት 50 ዓመት ይቆያል። የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት ደግሞ ደራሲው በሕይወት እስካለና ካለፈም በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ልጆቹ ይወርሱታል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ መብት ሲሸጥ በጽሑፍ መሆን አለበት። በስልክ «ውሰደው ወንድሜ» ተብሎ መብት አይተላለፍም። የገንዘቡን መብት ሸጠህ እንኳ ስምህ እንዲጠራ የመጠየቅ መብትህ ካንተ ጋር ይቀራል።

የሕዝብ ዜማስ? የባቲ ወይም የአምባሰል ቅኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም፣ ሊሆንም አይገባውም። ደራሲው የማይታወቅ የአገር ዜማም እንደዚያው። ማንም ወስዶ ሊያቀናብረው ይችላል፣ ያቀናበረውም ለቅንብሩ መብት አለው። እዚህ ላይ ነው የወሎ ሰው ቅር የሚለው። ዜማው ከእናቶች አፍ ተወስዶ፣ አዲስ ቅንብር ለብሶ፣ ለእናቶቹ ግን ምንም ሳይመለስ ይቀራል። ሕጉ ይህን አያስተካክለውም። ቢያንስ «ይሄን ዜማ የሰማሁት እዚህ ቦታ፣ ከእነዚህ ሰዎች ነው» ብሎ መጻፍ ግን ማንንም አያደኸይም።

በ2007 የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ 872፣ የጋራ አስተዳደር ማኅበር የሚባል ነገር አምጥቷል። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ክራር ተጫዋች ዘፈኑን የሚጠቀም ሬዲዮና ሆቴል ሁሉ እየዞረ ክፈሉኝ ማለት አይችልም። ማኅበሩ ለሁሉም ወክሎ ይሰበስባል፣ ከዚያ ያከፋፍላል። ለማከፋፈል ግን ማን ምን እንደሠራ የሚያሳይ ዝርዝር ያስፈልጋል። ስሙ ያልተጻፈ፣ ሥራው ያልተቀረጸ ሰው ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለዚህ ነው የመቅረጽና የስም ነገር ትንሽ የሚመስለው ግን ትልቁ ጉዳይ የሆነው።

ድሮስ እንዴት ነበር?

በደርግ ጊዜ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ነበር። የወሎው ላሊበላ ኪነት ይባል ነበር። ማሪቱ ለገሰም ዚነት ሙሐባም ከዚያ የወጡ ናቸው። ስለዚያ ዘመን ስናወራ ሁለቱን አብረን መያዝ አለብን። ኪነቱ የመንግሥት ስለነበር የዘመኑን መፈክር መዝፈን ግዴታ ነበር፣ ይሄ የሚናፈቅ አይደለም። በሌላ በኩል አንዲት የገጠር ልጅ ድምፅ ካላት የምትሄድበት ቦታ እዚያው አገሯ ላይ ነበር። መለማመጃ፣ መሣሪያ፣ የሚያርም ሰው፣ መድረክ። ያ ሁሉ ሲፈርስ በቦታው የተተካ ነገር የለም ማለት ይቻላል። አሁን ድምፅ ያላት ልጅ ያላት ምርጫ ስልኳ ወይም የአዲስ አበባ አውቶቡስ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት ይዘውታል?

ኖርዌይ በአውሮፓውያን 1997 እያንዳንዱ ወረዳ፣ የገጠሩም ጭምር፣ ለልጆች የሙዚቃና የጥበብ ትምህርት ቤት እንዲኖረው በሕግ አስገድዳለች። ብቻውን የማይችል ከጎረቤቱ ጋር ይከፍታል። ፈረንሳይ ከኮንሰርት ትኬት ገቢ 3.5 በመቶ ትወስድና መልሳ ለዘርፉ ታውላለች። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ መድረኮች እየተዘጉ ሲሄዱ፣ የፓርላማው የባህል ኮሚቴ በ2024 ከትልልቅ የስታዲየም ኮንሰርቶች ትኬት ላይ ለትንንሾቹ እንዲዋጣ ሐሳብ አቅርቧል። ዛሬ ስታዲየም የሚሞላው ዘፋኝ ትናንት የተማረው ትንሽ ቤት ውስጥ ስለሆነ።

እኛ ኖርዌይ አይደለንም፣ በጀቱም የለም። ግን ከሐሳቡ የሚወሰድ ነገር አለ። ሦስቱም ዘፋኝ መርጠው አልሸለሙም። ዘፋኝ የሚወጣበትን ቦታ ነው የደገፉት።

ታዲያ እዚህ ምን ያግዛል?

በመጀመሪያ ዙር። አንድ አምስት ሰው ያለው የባህል ቡድን ከደሴ ወልድያ ሄዶ አንድ ምሽት ተጫወተ እንበል። ለመኪናና ለሳውንድ 20,000 ብር አወጣ፣ 30,000 ገባ። የተረፈው 10,000 ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2,000 ነው። ይኸው ቡድን በአንድ ጉዞ ሐይቅ፣ ወልድያና ላሊበላ ቢጫወት ወጪው ምናልባት 32,000 ይደርሳል፣ ገቢው ግን 90,000 ይሆናል። ለእያንዳንዱ 11,600፣ በቀን ሲታሰብ ወደ 3,900 ገደማ። ቁጥሩ የምሳሌ ነው፣ አካሄዱ ግን እውነት ነው። መኪናና ሞንታርቦ አንዴ ከተነሳ በኋላ ሁለተኛው ምሽት ርካሽ ነው። ስለዚህ የየከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ለየብቻ ፌስቲቫል ከሚደግስ ቀን ቢያቀናጅ ያለ ተጨማሪ በጀት የሙዚቀኛውን ገቢ ከፍ ያደርጋል። አዳራሽ አለ፣ ብዙውን ጊዜ ስብሰባ ነው የሚያስተናግደው። በወር ሁለት ቅዳሜ ለተጫዋቾች ክፍት ማድረግ ምን ያህል ይከብዳል?

ቀጥሎ የመቅረጫ ቦታ። ትልቅ ስቱዲዮ አይደለም። ጸጥ ያለች አንድ ክፍል፣ ሁለት ጥሩ ማይክ፣ ኮምፒውተር፣ መቅረጽ የሚያውቅ አንድ ሰው። ማሲንቆና ክራር እንደ ባንድ ብዙ መሣሪያ አይጠይቁም። ዩኒቨርሲቲም፣ ትምህርት ቤትም፣ የወጣት ማዕከልም ሊይዘው ይችላል። የተቀረጸው ላይ ስም፣ ቀን፣ ቦታ ይጻፍበት፣ ቅጂው ለባለቤቱ ይሰጠው።

ሦስተኛው መማር ነው። አዝማሪነት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ሙያ ነው፣ «አዝማሪ» የሚለው ቃል ግን እስከ ዛሬ ስድብ ሆኖ የሚያገለግልበት ቤት አለ። ልጄ እንዳይናቅ ብሎ ማሲንቆውን የሚደብቅ አባት ቢኖር አልፈርድበትም። በደሞዝ ትምህርት ቤት ገብቶ ቢያስተምር ግን «ጋሼ» ተብሎ ይጠራል። ክብሩም ገቢውም አብሮ ይመጣል። ውጭ አገር ያላችሁ ወሎዬዎች አንድ ዘፋኝ ለአንድ ምሽት ከማስመጣት ይልቅ የአንድ መምህር የዓመት ደሞዝ ብትሸፍኑ ብዙ ርቀት ይሄዳል።

መንዙማውስ?

መንዙማ ከዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም፣ መግባትም የለበትም። ለሚሉት ሰዎች ዘፈን አይደለም፣ ውዳሴና ዱዓ ነው። ቦታው ሐድራው፣ ማለት የዱዓ ስብስቡ፣ ነው፣ ድቤ እየተመታ፣ ጀመዓው እየተቀበለ። በ«ባህል ምሽት» መድረክ ላይ ከእስክስታ ቀጥሎ አውጡት ቢባል ባለቤቶቹን ያስቀይማል። እዚያ ድጋፍ የሚሆነው ሌላ ነው። በአረብኛ ፊደል በአማርኛ ተጽፈው በየሼኹ ቤት የተቀመጡ ጽሑፎች እንዳይጠፉ መርዳት፣ ሽማግሌዎቹ ፈቃደኛ ከሆኑ መቅረጽ፣ የተቀረጸውንም እነሱ እንዲወስኑበት መተው።

እኔ በግሌ ምን ላድርግ?

አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁት። ከለጠፋችሁ ስሙን፣ የሚጫወትበትን ቤት፣ እሱ ከፈቀደም ለሠርግ የሚጠራበትን ስልክ ጻፉ። ሺህ ሰው «ዋው» ከሚለው ሁለት ሰው ደውሎ ቢቀጥረው ይጠቅመዋል። ሸልሙት፣ ቤቱንም ቋሚ ክፍያ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሠርግ ስትደግሱ ደግሞ ከኪቦርዱ ጎን አንድ ማሲንቆ ወይም ክራር ጥሩ። በቃል ሳይሆን በአንዲት ወረቀት ተዋዋሉ። ስንት ሰዓት እንደሚጫወት፣ ስንት እንደሚከፈለው፣ ሳውንዱን ማን እንደሚያመጣ፣ ቪዲዮውን ዩትዩብ ላይ ማውጣት ይቻል እንደሆነ ይጻፍ። ቀብዱን ቀድማችሁ ስጡ። ቀሪውን ሙሽሮቹ ከመሄዳቸው በፊት ክፈሉት። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ከአጎት ወደ ሚዜ እየተላከ ገንዘቡን ሲለምን የሰነበተ ሙዚቀኛ በወሎ ስንት እንዳለ አንዱን ጠይቁትና ይንገራችሁ።